ኃይሉ ምንጣፉን የገለጠ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ሌዊስቪል ካለው ትልቅ የግንባታ ዕቃ መደብር ገብቼ የቀለሙ መደርደሪያ ጋ ስደርስ ቆምኩ። አንድ ሠራተኛ የሰማያዊ ቀለም ቆርቆሮ ከፍቶ በእንጨት ያማስላል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አሮጊት መሆኔን ረሳሁት። ወገቤ ቀጥ አለ፤ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ፣ የባለቤቴን የኃይሉን አሮጌ ሸሚዝ ደርቤ፣ ቡሩሽ ይዤ ሐይቅ ዳር የቆምኩ መሰለኝ። ልጄ ሜሮን ጋሪውን እየገፋች ርቃ ሄዳ ነበር። እንዳልተከተልኳት ሲገባት ተመለሰች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

«አንድ ቆርቆሮ ቀለም ብንገዛ ብዬ ነው። ለበሩ ብቻ።»

«ኖ! ምንም ነገር ፔይንት አታደርጊም። ማክሰኞ አፕሬዘሩ ይመጣል። ቤቱን እንዳለ ነው የሚያየው። ማለቴ፣ ተነጋግረናል እኮ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኳት። ልጄ እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ኦኬ ስላት እሺ ማለቴ ይመስላታል። እኔ ግን ኦኬ የምለው ንግግሩ እንዲያልቅልኝ ነው።

ማክሰኞ የሚመጣው የካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ የንብረት ገማች ነው፤ ግብራችን እሱ በሚገምተው ዋጋ ይተመናል። ከዳላስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ከምናምን ነድተን የምንደርስባት፣ ሐይቅ ዳር ያለች የእንጨት ቤት አለችን፤ ሁላችንም ኬቢን ነው የምንላት። የምትከፈተው በሰመር፣ ሙቀቱ ሲገባ ነው፤ ብርዱ ሲመጣ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውኃውን ዘግተን፣ ፍራሹን ግድግዳ አስደግፈን እንሄዳለን። ዘንድሮ የተገመተችበት ዋጋ በፖስታ ሲመጣ ሜሮን ሁለቴ አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። በቴክሳስ ለአዛውንት የሚደረገው የግብር ቅናሽ ለሚኖሩበት ቤት ብቻ ነው። እኔ የምኖረው ኧርቪንግ ነው፤ ስለዚህ ኬቢኗ የሀብታም መዝናኛ ተብላ ትቆጠራለች። ሐይቁ ዳር የበቀሉት ባለ ፎቅ ቤቶች ዋጋቸውን ይዘው ሲወጡ የእኛንም ደሳሳ አንጠልጥለዋት ይወጣሉ። ግምቱ ካልወረደልኝ እሸጣታለሁ፣ የጡረታ ገንዘቤ አይችላትም። ኃይሉ ከሞተ ወዲህ የእሱ ድምፅ ያለባት ቦታ እሷ ብቻ ናት፤ እሷን ከሸጥኩ ሁለተኛ የቀበርኩት ነው የሚመስለኝ።

ይህ በእኛ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። ያኔም መጥቶብን ነበር፤ ያውም ለሁላችንም፣ በጅምላ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ብዙም የማይዘልበት ጊዜ ነበር። አገር ቤት ለመደወል ከሐበሻ ሱቅ የአምስት ዶላር ካርድ ገዝተን፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን እናወጣለን። ካርዱ የሚለው ደቂቃና የሚሰጠን ደቂቃ ተገናኝቶ አያውቅም፤ ዘመድ ደኅና መሆኑን ጠይቀን የከብቱ ጤና ላይ ሳንደርስ ይቋረጣል። ወንዶቹ ትከሻው ወንበር የሚያህል ኮት ይለብሳሉ፤ እኛ ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የጂንስ ጉርድና ነጭ ሸራ ጫማ ነበር ፋሽናችን። አሁን የልጅ ልጆች ያን ጉርድ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በስንት ዶላር ሲገዙት አያለሁ፤ እኔ ደግሞ የኔን ምን እንዳደረግሁት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ኧርቪንግ፣ ከአየር ማረፊያው አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጥግ ላይ ነበር። የአበሻ ወሬ በሙሉ እዚያ ይታጠባል። ማን የት ሥራ እንዳገኘ፣ የማን ሚስት እንደመጣችለት፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ማሽኑ ዞሮ እስኪጨርስ ይታወቃል። ዛሬ ጥጉ ላይ የጥርስ ሐኪም ቤት ተከፍቶበታል። ባለፈው ጥርሴን ልታከም ሄጄ ማድረቂያዎቹ ተደርድረው የነበሩበት ቦታ ላይ አጋደሙኝ፤ ሐኪሟ ለምን እንደምስቅ አልገባትም።

ኃይሉ ያን ጊዜ ቀን የአየር ማረፊያ ባስ ይነዳል፣ ማታ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። እኔ የሆቴል አንሶላ አጥፋለሁ። ባሌን የማየው ተኝቶ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሳገባው ሳቂታ ነበር፤ ሲስቅ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ጎረቤት የሚያሰማ። ዳላስ ከመጣን ያ ሳቅ ጠፋ። ታመመ እንዳልል ይበላል፤ ተቆጣ እንዳልል አይናገርም። አንድ ቀን ታዲያ ጋሽ በየነ ልብስ ማጠቢያው ቤት ገብቶ የደረቀ ካልሲ እያጣጠፈ፣ «ጎበዝ፣ ሐይቅ አገኘሁ» አለ።

ጋሽ በየነ አዲስ አበባ ሳለ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እዚህ ደግሞ የሆቴል ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ዓሣ አጥማጅ መንገደኛ ሲያደርስ መንገድ ጠፍቶት ነው ሐይቁን ያየው። ዳር ዳሩን የአሮጌ ዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች ተደርድረዋል፣ ግማሾቹ ለሽያጭ ቀርበዋል፣ ዋጋቸው ያገለገለ የጃፓን መኪና አይሞላም። መጀመሪያ እሱ ገዛ። ቀጥሎ እትዬ ዘነበች ገዛች፤ ጋሽ በየነ የገዛውን ነገር ሳትገዛ ማደር አትችልም ነበር። ከዚያ እኛ፣ ከዚያ ሌሎች አራት አምስት ቤተሰቦች። በአሜሪካ ምድር ስማችን የተጻፈበት የመጀመሪያው ነገር ያች ቤት ናት። መስኮቷ ይንኳኳል፣ ጣሪያዋ ያለቅሳል፣ ሳሎኗ መሐል ደግሞ ወለሉ በስብሶ የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል ቀዳዳ ነበረው። ቤቷ በእንጨት ቋሚ ላይ ከፍ ብላ ስለተሠራች በቀዳዳው ወደ ታች ሲያዩ አፈሩ ይታያል።

የመጀመሪያ ቀን ኃይሉ ደረቱን ወለሉ ላይ ለጥፎ፣ አንገቱን በቀዳዳው ሰዶ ወደ ታች አየ። አንድ ትልቅ ኤሊ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ያ ሳቅ መጣ። ኃይሉ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ፣ እንባውን እየጠረገ፣ «ወይኒ፣ ተከራይ አለን!» ሲለኝ እኔ እያለቀስኩ ነበር። ስንት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ሳንበላም ቢሆን እንሄዳለን። መኪናው ውስጥ ያለችን ካሴት አንድ ነበረች፤ አንደኛው ገጿ ሲያልቅ ካሴቱን የሚገለብጠው እሱ ነው፣ ሁለተኛው ገጽ ሳያልቅ ሐይቁ ይታየናል። እስካሁን ያንን መንገድ ስሄድ ዘፈኑ የት ቦታ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ጎረቤታችን ሚስተር ሮይ የሚባል የቴክሳስ ሽማግሌ ነበር። ባርኔጣውን ለእንቅልፍም የሚያወልቅ አይመስለኝም። ያጠመደውን አምባዛ በባልዲ እየያዘ በራችን ላይ ያስቀምጥልናል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእምነታችን አንበላም፤ ስጦታ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አመስግነን እንቀበለውና በጓሮ ዞረን ሐይቁ ውስጥ እንለቀዋለን። ሚስተር ሮይ አንድ ቀን ኃይሉን ጠርቶ፣ ሐይቁ ላይ ከንፈሩ የተቀደደ አንድ አምባዛ ደጋግሞ እየያዘ መሆኑን በመገረም ነገረው። ኃይሉ መልስ ከመስጠት ይልቅ ሳቅ ስለቀደመው ነገሩ ያኔ ተገለጠ። ሚስተር ሮይም አልተቀየመም፤ ከዚያ ወዲህ ቅርፊት ያለውን እየመረጠ ያመጣልን ጀመር።

እንዲህ ስንኖር ነው ማዶ ያለውን ዳርቻ አንድ ቤት ሠሪ ድርጅት ገዝቶ እንደ ሆቴል የሚያበሩ ቤቶች የተከለው። በዓመቱ የኛም ግምት እጥፍ ድርብ ሆኖ መጣ። እነሱ የሚኖሩበት ቤት ስለሆነ ሕጉ ይከልልላቸዋል፤ እኛ የሰመር ሰዎች ነንና ሙሉውን እንድንሸከም ነው። ኃይሉ ወረቀቱን አየና ባርኔጣውን አደረገ። «እንሸጣለን በቃ» አለኝ፣ ወደ ማታ ሥራው እየሄደ። ድምፁ እንደ ድሮው ሞቶ ነበር። እኔ በዚያች ደቂቃ ቤቷን ማንም እንደማይወስዳት ወሰንኩ። የምፈራው ለቤቷ አልነበረም፤ ያ ሳቅ ተመልሶ እንዳይጠፋ ነው።

ጋሽ በየነ ቤት ተሰበሰብን። ሰው ሲጠቃ ምን ያደርጋል? ማኅበር ያቋቁማል። ሊቀ መንበር ጋሽ በየነ፣ ገንዘብ ያዥ እትዬ ዘነበች፣ ቁጥጥር ሚስተር ሮይ። የመጀመሪያው ስብሰባ በሙሉ ያለቀው በማኅበሩ ስም ላይ ነው፣ ሁለተኛው በማኅተሙ። ክብ እንዲሆን ሁሉም ተስማማ። መሐሉ ላይ ግን ዓሣ ይሁን ወይስ ጀልባ በሚለው ሁለት ሰዎች ተኳረፉ፤ እስካሁንም ድረስ ቤተ ክርስቲያን በተለያየ በር ነው የሚገቡት። ሚስተር ሮይ በስብሰባው መሐል፣

«አቤቱታ የማስገቢያው ቀን እያለቀ ነው እኮ» አለ።

«ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ማን ያነባል?» አለው ጋሽ በየነ፣ በጣም አዝኖለት።

ደብዳቤው ወይን ጠጅ ማኅተም ተመትቶበት ሄደ። የካውንቲው ጸሐፊ ማኅተሙን አይታ ከየትኛው ኤምባሲ እንደመጣ ለማጣራት አለቃዋን ጠራች አሉ። የሆነው ሆኖ መልስ መጣ፦ ገማች ትመጣለች፣ ቤቶቹን በዓይኗ ታያለች፣ ከዚያ በቦርድ ፊት ትቀርባላችሁ። ሚስተር ሮይ እጁን አጨበጨበ።

«ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። ምንም አትንኩ። ሳሩን አትጨዱ፣ የተሰበረውን አትጠግኑ፣ የበሰበሰውን አትሸፍኑ። መጥታ ጉዱን ትየው።»

ሁላችንም እጅ አወጣን። ደንቡን የጣሰ እንደሚቀጣ ጋሽ በየነ ጽፎ፣ ማኅተም መታበት።

እኔ ደንቡን ለማክበር ቆርጬ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ግን ከዚያ ስብሰባ ወጥቼ መኪና ውስጥ ስቀመጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰው ሊመጣ ነው። እንግዳ፣ ያውም የመንግሥት ሰው፣ ያውም ሴት፣ ቤቴን ልታይ ነው። ሴት ልጅ የሌላ ሴት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ምን እንደምታይ ጠፍቶኝ ነው? ወለሉን ብቻ ልጥረገው አልኩ። ስጠርገው በሩ አስጠላኝ። ያን ሰማያዊ ቀለም ገዝቼ በሩን ብቻ ቀባሁት። በሩ ሲያምር ግድግዳው አፈረ፤ ግድግዳውንም ቀባሁ። መስታወት የሌለው መስኮት ላይ የጂንስ ጉርዴን ተርትሬ፣ ጠርዙን ዘምዝሜ መጋረጃ አደረግሁ። የሚያለቅሰው ጣሪያ ሥር የእርጥበቱን ምልክት ለመሸፈን ትልቅ የመስቀል ሥዕል ሰቀልኩ። ኧርቪንግ ካለው ሳሎናችን ቀዩን ምንጣፍ ጠቅልዬ አምጥቼ ቀዳዳው ላይ ዘረጋሁ፤ እንግዳዋ እንዳትወድቅብኝ ደግሞ ጠረጴዛ መሐሉ ላይ አስቀመጥኩ። ኃይሉ ከሥራ መጥቶ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

«ወይኒ፣ መነጽሬ የታለ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ስትጠርጊ ጠርገሽዋል።»

«አልነካሁም!»

ያ መነጽር ወፍራም ጥቁር ፍሬም ያለው፣ አንዱ ጆሮ ግንዱ ተሰብሮ በነጭ ፕላስተር የታሰረ ነበር። ያን ሰመር በሙሉ ተጨቃጨቅንበት። ቆሻሻ ጋር ደፍተሽዋል አለኝ፤ አልደፋሁም አልኩ። ከዚያ ወዲህ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ቁልፍ ቢጠፋ፣ ካልሲ ቢጠፋ፣ «እንደ መነጽሬ ጠርገሽው ይሆናል» ይለኛል። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆኖ የቴሌቪዥኑ ማዘዣ ሲጠፋ እንኳን ብሎኛል።

ገማቿ የምትመጣበት ጠዋት አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፤ ደንቡን የጣስኩ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። የእትዬ ዘነበች ኬቢን ላይ ከዱባይ ያስመጣችው ባለ ወርቅ ዘርፍ መጋረጃ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የሌሎቹም ሳር ታጭዷል፣ ደረጃው ታድሷል፣ አንዱ ጋ አበባ በጣሳ ተደርድሯል። ደንቡን ጽፎ ማኅተም የመታበት ጋሽ በየነ ከመንገዱ እስከ በሩ ድንጋይ ደርድሮ፣ ድንጋዮቹን በኖራ ነጭ ቀብቶ፣ ክራቫት አስሮ ቆሟል። እርስ በርስ ተያየን። ሚስተር ሮይ ከበረንዳው ወጥቶ ዙሪያውን አየ፣ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። መላጣ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅነው።

ገማቿ ትሁት ልጅ ነበረች። በየቤቱ አስገባናት። እኔ ጋ ሻይ በቅመም ጠጣች፣ እትዬ ዘነበች ጋ ዳቦ ተቆረሰላት፣ ጋሽ በየነ የጠጅ ጠርሙስ መኪናዋ ውስጥ ሊያስቀምጥላት ሲሞክር ደነገጠች፤ ጉቦ መሰላት። ሁሉንም በካሜራዋ አነሳች። ስትሄድ «በጣም የሚያምሩ ቤቶች አሏችሁ» አለችን፤ እኛም እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለን። በኋላ ያቀረበችው ሐሳብ ሲደርሰን የሁላችንም ግምት በነበረበት ላይ ጨምሮ ነበር። የወረደለት ሚስተር ሮይ ብቻ ነው።

የቀረን ቦርዱ ነበር። አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች፣ ሦስቱም አያቶቻችን የሚሆኑ፣ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። በቅድሚያ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው እንዲምል ተጠየቀ። ጋሽ በየነ ረጅም ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ መሐላ ሲባል ግን ክው አለ። «ለቤት ግብር ብዬ የእግዜርን ስም አልጠራም» አለ። መማል የማይፈልግ ሰው እውነት እናገራለሁ ማለት ብቻ እንደሚበቃው ተነገረው፤ እሺ አለ። ሰብሳቢው ጠየቀው፦

«ቤትዎ እንዴት ነው ያለው?»

«ተመስገን፣ ደኅና ነው» አለ ጋሽ በየነ።

ሌላ ምን ሊል? ሰው እንዴት ነህ ሲባል ምን ይላል? ንግግሩን እስከሚያወጣ ሰብሳቢው አመስግኖ ጽፎታል። እትዬ ዘነበች ቀጠለች። አንዷ አሮጊት ፎቶውን አይታ፣ «መጋረጃው እንዴት ያምራል!» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ከዱባይ ነው። እንዲያውም የዋጋው ነገር አይነሳ» አለቻት። ተቀመጠች። ሚስተር ሮይ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

ከዚያ የኛ ስም ተጠራ። እኔ ልነሳ ስል ኃይሉ ክንዴን ያዘኝ። ልብ አድርጉ፣ ይህ ሰውዬ ሰው ፊት አፉን የማይከፍት ነው። ፎቶዎቹን ሰጡት፤ መነጽር የለውም። አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አየ፣ አራቀ፣ አልሆነም። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ሰብሳቢውን «ይቅርታ፣ መነጽርህን ታውሰኛለህ?» አለው። ሰውዬው ደንግጦ አውልቆ ሰጠው። ኃይሉ የሰውዬውን የወርቅ ፍሬም አድርጎ የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ይህ መጋረጃ የሚስቴ ጉርድ ነው» አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ከጀርባው መስታወት የለም። ይህ ሥዕል የተሰቀለው ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ አውርደን ባልዲ እናደርጋለን። ይህ ምንጣፍ ከተማ ካለው ቤታችን ተጠቅልሎ መጥቶ ነው። አሁን ተመልሷል። ከሥሩ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ውስጥ ኤሊ ይኖራል።»

«ኤሊ?» አለች አንዷ አሮጊት።

«አዎ፣ ትልቅ ነው። ኪራይ አይከፍልም።»

አሮጊቷ ሳቀች። ኃይሉ እሷን አየና አልቻለም፤ ሆዱን ይዞ፣ የሰውዬው መነጽር አፍንጫው ላይ እየዘለለ ያ ሳቁ ፈነዳ። ዳላስ ከመጣን ወዲህ ከሐይቁ ሌላ ቦታ ሲስቅ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ገማቿ ራሷ አፏን ሸፈነች። ሰብሳቢው ታዲያ ለምን እንዲህ አስጊጣችሁ ጠበቃችኋት ብሎ ጠየቀ፣ በየዋህነት። ኃይሉ እንባውን ጠረገ።

«እንግዳ ናት» አለው። «ለእንግዳ ቀዳዳ አናሳይም።»

ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች ተነሳች። «የኔ ሽንት ቤት በር የለውም!» አለች ሳትጠየቅ። ጋሽ በየነም፣ «እኔ ጋ ድንጋዩ ብቻ ነው የሚያምረው፣ ግድግዳው በምስጥ አልቋል» አለ። አዳራሹ ውስጥ የማን ቤት እንደሚብስ ፉክክር ተጀመረ፤ ሰብሳቢው በቃ ብሎ እጁን እስኪያነሳ ድረስ አላቆሙም። ገማቿ ተመልሳ መጥታ ቀዳዳውን አየች። የሁላችንም ወረደ።

እኔ ግን ከዚያ አዳራሽ ስወጣ ኃይሉን አላናገርኩትም። ገመናዬን አደባባይ አወጣብኝ ብዬ አኮረፍኩ። ጉርዴን! ለባዕድ! መንገዱን በሙሉ ካሴቱ ሲዘፍን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ። ሁለተኛው ገጽ ሊያልቅ ሲል፣ «ወይኒ፣ ቤቷ እኮ የኛ ናት» አለኝ፤ ከዚያ ልይዘው አልቻልኩም፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ቀዳዳው እንዲደፈን አልፈቀደም። «ያዳነን እሱ ነው» ይላል። አናጢ ሲመጣ ያባርራል። እኔ ምንጣፍ አለብሰዋለሁ፤ እሱ እንግዳ ሲመጣ ይገልጥና ያሳያል፣ ኤሊው ከሞተ ከስንት ጊዜ በኋላም። እኔ ከጓዳ ሆኜ ባፍርም ሳቁን እሰማለሁ። ጋሽ በየነ አርፏል፣ ሚስተር ሮይ አርፏል፣ እትዬ ዘነበች አርሊንግተን ልጇ ጋ ናት። ማኅተሙ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው ሐይቁ ዳር የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ማክሰኞም ደረሰ።

ቀለም አልገዛሁም፣ ሜሮን ጋሪውን አልለቀቀችልኝም። ግን እሷ ሳታይ ወለሉን ጠረግሁት፤ ምንጣፉንም ዘረጋሁ። ገማቹ ወጣት ልጅ ነው። ጫማውን ላውልቅ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ወደድኩት። ዙሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ታብሌቱ ላይ ጻፈ። ሜሮን ዓይኗን እያፈጠጠች ወደ ምንጣፉ ትጠቅሰኛለች። ስንት ዓመት የሸፈንኩትን ነገር በገዛ እጄ? ከዚያ ኃይሉ የሰብሳቢውን መነጽር አድርጎ አዳራሹ ውስጥ እንደቆመ ታየኝ። ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን ገለጥኩት።

«ይኸውልህ» አልኩት። «ባለቤቴ እንዳይደፈን ብሎ ነው።»

ልጁ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ውስጥ አየ። ቋሚዎቹ መበስበሳቸውን መመዝገብ አለብኝ ብሎ ስልኩን ይዞ ክንዱን እስከ ትከሻው ቀዳዳው ውስጥ ሰደደ፤ መብራቱን አብርቶ ወለሉን ከሥር በኩል ማንም አይቶት በማያውቅ አቅጣጫ አነሳ። አውጥቶ ፎቶውን ሲመለከት ፊቱ ተለወጠ።

«ማዳም፣ ይህ ምንድነው?»

ስልኩን ተቀበልኩት። ወለሉን ከሥር የተሸከመው ወፍራም እንጨት ላይ፣ ከቀዳዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ አቧራ የለበሰ ጥቁር ፍሬም ተቀምጧል። አንዱ ጆሮ ግንዱ ላይ ፕላስተሩ አለ።

ሜሮን ሆዷን ወለሉ ላይ ለጥፋ፣ ክንዷን ሰዳ አወጣችው። ኃይሉ ኤሊውን ሊያይ አንገቱን ሰዶ ሲመለከት ሳይታወቀው ነው የወደቀበት፤ ኋላ ደግሞ እዚያ መኖሩን ያለ መነጽር ማየት አልቻለም። መስታወቱን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት። አልተሰነጠቀም።

«ኃይሉ!» ብዬ ጮኽኩ። «አላልኩህም! አልነካሁም አላልኩህም!»

ልጁ ደንግጦ ወደ ሜሮን ዞረ። «ኢዝ ሺ ኦኬ?» አላት።

«ከአባቴ ጋር እየተከራከረች ነው» አለችው። እያለቀሰች ነበር።

«እሱ ምን አለ?» አላት ልጁ።

ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው አዘንብዬ ጠበቅኩ፤ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ቤቷ ውስጥ የሚሰማው መስኮቱ ሲንኳኳ ብቻ ነው። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ፤ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ፣ እሱ እንደሚስቀው ሳቅሁ። ልጁም ሳይገባው ሳቀ። ስጨርስ ሻይ አፈላሁለት፤ ሜሮንም ምንጣፉን ልትመልሰው ስትል ተይው አልኳት።

ግምቱ ወርዶልኛል። መነጽሩ እዚሁ አጠገቤ ነው፣ ይህን የምጽፈውም እሱን አድርጌ ነው። ለዓይኔ በጣም ከባድ ነው፣ ፊደሉን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። ግን አንዴ እንኳን «ተሳስቼ ነበር፣ ወይኒ» ቢለኝ ብዬ ነው።